ቱንቢው ወዴት ያዘነብላል? ተራራና የባሕር ወለል ስበትን ሲያጣምሙ የትኛውን መለኪያ እንምረጥ

ግንበኛ ሁለት የማይከራከራቸው ዳኞች አሉት፤ ውሃ ልክና ቱንቢ። ግድግዳው ተጣሟል፣ አልተጣመመም የሚል ጭቅጭቅ ሲነሳ ቱንቢው ይወርዳል። ክሩ ይረጋል። ነገሩ ያበቃል።

እኔም ቱንቢን ልከስ አልመጣሁም። ለግድግዳ ከእሱ የተሻለ ዳኛ የለም። ግን ክሩ የሚያመለክተው «ታች» ከቦታ ቦታ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ከጎኑ ትልቅ ተራራ ካለ ወደ ተራራው ያዘነብላል። ባሕር ዳር ሆኖ ከፊቱ ጥልቅ የባሕር ወለል ገደል ካለ ደግሞ ወደ የብሱ ያጋድላል። በዓይን አይታይም። በሥራ ላይ ግን አንዳንዴ የአንድ ሜትር፣ አንዳንዴም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስህተት ይወልዳል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ጂፒኤስና ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ይዞ መስክ ለሚወጣ ቀያሽና መሐንዲስ ነው። ነገሩ እንዲሁ የሚገርመው አንባቢም አብሮን ይሂድ፤ ቀመር አልደረድርም። ጥያቄያችን አንድ ነው። እኔ ባለሁበት ቦታ ቱንቢው ምን ያህል እንዳዘነበለ ለማወቅ የትኛውን መንገድ ልያዝ? ወይስ ጭራሽ ልተወው?

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ

አዘነበለ ስንል ከምን አንጻር ነው? ካርታና ጂፒኤስ ምድርን ወገቧ ሰፋ፣ ዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያሉ ለስላሳ ኳስ አድርገው ይወስዷታል። የዚህ ቅርጽ ስም ኤሊፕሶይድ ነው። በዚህ ለስላሳ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም መስመር በሐሳባችን እናቁም። ቱንቢው ከዚህ መስመር የሚርቅበት ማዕዘን ነው የቱንቢ ዝንባሌ።

የሚለካው በማዕዘን ሰከንድ ነው። አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ አለው። አንድ ሰከንድ በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ 4.85 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ የእርሳስ ውፍረት አይሞላም። በከዋክብት ቦታውን ለሚፈልግ ሰው ግን (ከዋክብቱን የሚለካው ከቱንቢው አንጻር ነውና) ያችው ሰከንድ መሬት ላይ 31 ሜትር ያህል ትሆናለች። የምድር ግማሽ ስፋት ከ6,300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ትንሿ ማዕዘን በዚያ ርቀት ትሰፋለች።

ሜዳማ አገር ላይ ዝንባሌው ጥቂት ሰከንድ ነው። ተራራማ አገር ላይ 20፣ 30፣ 50 ይደርሳል። ሃዋይ ላይ ወደ 60 የሚጠጋበት አለ። በሂማላያ ደቡባዊ ቁልቁለት ከ100 ሰከንድ የሚያልፉ ቦታዎችም አሉ።

አንደኛው አማራጭ፦ መተው

ቤት ለሚሠራ ሰው መልሱ ይኸው ነው። ይተወው። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ላይ 20 ሰከንድ ዝንባሌ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ደግሞም ሕንፃ ክብደቱን የሚያወርደው ቱንቢው ባመለከተበት አቅጣጫ ነው። ቱንቢው ከኤሊፕሶይዱ ተጣላ አልተጣላ የሕንፃው ጉዳይ አይደለም። በሌቭል (በአረፋ ቀጥ ብሎ የከፍታ ልዩነት በሚለካው መሣሪያ) ብቻ ከፍታ እያወረደ ለሚሄድ ቀያሽም በአጭር ርቀት እንደዚያው ነው፤ የሌቭሉ አረፋም ውሃውም አንድ ጌታ ነው ያላቸው።

ጣጣው የሚጀምረው ሁለት ዓይነት «ታች» ሲደባለቅ ነው። የጂፒኤሱ ታችና የውሃው ታች።

አንድ ቀያሽ 10 ኪሎ ሜትር የመስኖ ቦይ ሊቀይስ ወጣ እንበል። ውድቀቱ በየ5,000 ሜትሩ 1 ሜትር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ማለት ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ሌቭሉን ትቶ ከፍታውን በጂፒኤስ ብቻ ወሰደ። ጂፒኤስ ከፍታ የሚቆጥረው ከኤሊፕሶይዱ ተነስቶ ነው። ውሃ ግን ኤሊፕሶይድ የሚባል ነገር አያውቅም። ቱንቢው በቦዩ አቅጣጫ 20 ሰከንድ ካዘነበለ በ10 ኪሎ ሜትሩ ላይ 97 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይመጣል። ከ2 ሜትሩ ውድቀት ግማሹ ሄደ። ውሃው ይተኛል፣ ደለል ይሞላል። ዝንባሌው በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ቦዩ ካሰቡት በላይ ቁልቁል ይሆንና ውሃው አፈሩን ጠራርጎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጣጣ የቶታል ስቴሽን ነው። መሣሪያው የሚቆመው በአረፋ ነው፣ ማለት በቱንቢ። ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ ሲያይ ችግር የለም። ሽቅብ ወደ ተራራ ሲያይ ግን የቱንቢው ዝንባሌ ወደ አግድሙ ማዕዘን ይገባል። 30 ዲግሪ ወደ ላይ እያያችሁ ቱንቢው ወደ ጎን 20 ሰከንድ ካዘነበለ፣ አቅጣጫችሁ 11 ሰከንድ ተኩል ያህል ይስታል። በአንድ ኪሎ ሜትር 5.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአጥር ምንም አይደለም። ለዋሻና ለግድብ ግን ብዙ ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ሥራዬ ስንት ሴንቲ ሜትር ስህተት ይሸከማል? ርቀቱስ ስንት ነው? ከእነዚህ ሁለቱ የምትሸከሙት የሰከንድ ብዛት ይወጣል። ለምሳሌ ያ ቦይ በ10 ኪሎ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ቢሸከም 2 ሰከንድ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ይህን 2 ሰከንድ በርካሽ የሚሰጠኝ ማን ነው የሚል ይሆናል።

ተራራውን አይቶ መገመት ይቻላል?

ብዙ ሰው የሚሞክረው ይህንን ነው። «ተራራው በዚህ በኩል ነው፣ እንግዲህ ቱንቢው ወደዚህ ያዘነብላል» ይላል። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ጉድ ያደርጋል። ልዩነቱን ለመረዳት ሦስት ቦታ እንሂድ።

መጀመሪያ ስኮትላንድ። በ1774 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኔቪል ማስክሊን ሺሃሊየን የሚባል ተራራ ሥር ድንኳን ተከለ። ተራራው 1,083 ሜትር ነው፤ ብቻውን የቆመና ቅርጹ ለስሌት የሚመች። ማስክሊን በሰሜንም በደቡብም በኩል ሆኖ ከዋክብትን ለካ። ቱንቢው በሁለቱም በኩል ወደ ተራራው ይሳባል፤ ስለዚህ ከከዋክብት የተገኘው የሁለቱ ቦታዎች ርቀት መሬት ላይ ከተለካው ይበልጣል። በለጠም። ትርፉ 11.6 ሰከንድ ነበር፣ በየጎኑ ወደ 6 ሰከንድ ገደማ። የሂሳብ ሊቁ ቻርልስ ሃተን ከዚህ ተነስቶ የመላዋን ምድር እፍጋት አሰላ። ከውሃ 4 እጥፍ ተኩል አገኘ፤ ዛሬ የምናውቀው 5 እጥፍ ተኩል ነው። ለተራራና ለገመድ መጥፎ አይደለም። ሃተን ስሌቱ ሲበዛበት እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር ማገናኘት ጀመረ። ዛሬ ካርታ ላይ የምናያቸው የከፍታ መስመሮች የተስፋፉት ከዚያ ሥራ ነው።

የሺሃሊየን ትምህርት ይህ ነው፦ ተራራው ትንሽና ብቸኛ ከሆነ ዓይን ብዙም አያታልልም። አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታና ግርጌው ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ግማሽ ስፋት ያለው ሾጣጣ ተራራ ግርጌው ላይ ለቆመ ሰው ቱንቢውን በግርድፉ 4 ሰከንድ ያዘነብላል። ሌላ ሦስት ኪሎ ሜትር ራቅ ብትሉ ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው።

ሁለተኛው ህንድ ነው። እዚህ ነው ዓይን የሚከዳው። በጆርጅ ኤቨረስት ይመራ የነበረው የህንድ ታላቅ ቅየሳ በካሊያናና በካሊያንፑር መካከል ያለውን ርቀት በሁለት መንገድ አወጣ፤ አንዱ በመሬት ላይ ሦስት ማዕዘኖች፣ ሌላው በከዋክብት። ሁለቱ አልተስማሙም። ልዩነቱ 5.236 ሰከንድ ነበር፣ መሬት ላይ 160 ሜትር ገደማ። ካሊያና ለሂማላያ ትቀርባለች፣ ስለዚህ ጥፋተኛው ሂማላያ ነው ተባለ። በ1855 የካልካታው ሊቀ ዲያቆን ጆን ፕራት የሂማላያን ስበት ቁጭ ብሎ አሰላ። ሊቀ ዲያቆን መሆኑ አይግረማችሁ፤ የተዋጣለት የሂሳብ ሰውም ነበር። መልሱ 15.885 ሰከንድ መጣለት። ሦስት እጥፍ! ተራራው መሳብ ከሚገባው በታች ነው የሳበው።

የግሪኒች የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ በዚያው ዓመት መልስ ሰጠ። ተራራ መሬት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ብቻ አይደለም አለ። ልክ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ በረዶ ከታቹ ቀለል ያለ ሥር አለው። ሥሩ ከበድ ያለውን ጥልቅ ዐለት ገፍቶ ቦታውን ይዟል። ከላይ የጨመረው ክብደት ከታች ይጎድላል። ፕራት በበኩሉ ሌላ ማብራሪያ አቀረበ፦ ከፍ ያለው መሬት ራሱ እፍጋቱ ያነሰ ነው የሚል። እንደየቦታው ሁለቱም እውነትነት አላቸው።

ለእኛ የሚጠቅመው ምኑ ነው? ሰፊ ደጋ ሁሉ እንዲህ ያለ ድብቅ ማካካሻ አለው ብላችሁ ጠርጥሩ። ጣርማበር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከኋላው ደጋው፣ ከፊቱ ወደ አፋር የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ቅርቡ ያለው ዐለት ቱንቢውን ወደ ደጋው ይስበዋል። ከደጋው በታች በጥልቀት ያለው ቀለል ያለ ነገር ደግሞ ያንን ይቀንሰዋል። የትኛው በስንት እንደሚያሸንፍ በዓይን አይገኝም። ለነጠላ ተራራ ግምት ይበቃል፤ ለደጋ ጫፍ አይበቃም።

ሦስተኛው ባሕር ነው። የተረሳው እሱ ነው፤ ውሃ ሸፍኖታልና።

ፖርቶ ሪኮ ትንሽ ደሴት ናት። በሰሜኗ ከ8,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ የባሕር ወለል ገደል አለ። በዚያ ገደል ቦታ ዐለት ሊሆን የሚገባው ውሃ ነው። የዐለት እፍጋት ከውሃ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሆነ ገደሉ «ጎዶሎ» ነው፤ ቱንቢውን እንደሚገባው አይስበውም። በሰሜን ዳርቻ ያለ ቱንቢ እንግዲህ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደሴቷ ያዘነብላል። በደቡብም በኩል ጥልቅ ባሕር ስላለ እዚያ ያለው ቱንቢ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ሁለቱም ወደ መሃል። በከዋክብት ብቻ ካርታ ብትሠሩ የሺሃሊየን ነገር ይደገማል፤ ግን በግዙፉ። ደሴቷ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍታ ትወጣለች።

ሃዋይም እንዲሁ ነው። ማውና ኬያ ከባሕር ጠለል 4,207 ሜትር ነው ይባላል። ከባሕር ወለሉ ብትቆጥሩት ግን ከ10,000 ሜትር ያልፋል። ካርታ ላይ የምታዩት ከግማሽ በታቹን ነው። ዳርቻው ላይ ያለ ቱንቢ ሙሉውን ያየዋል።

ባሕር ዳር ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ተራ የባሕር ዳርቻ ላይ ውቅያኖሱ ጥልቅ ቢሆንም ከወለሉ ሥር ያለው ዐለት ከበድ ያለ ነው፤ ጎዶሎውን ይሞላዋል። የህንዱ ነገር ተገልብጦ ማለት ነው። ገደሎቹ የሚለዩት አንዱ የምድር ቅርፊት በሌላው ሥር እየሰመጠ ወደ ታች ጎትቶ ስለያዛቸው ነው። ማካካሻ አያገኙም። ስለዚህ ፕሮጀክታችሁ ባሕር ዳር ከሆነ የውሃውን ጥልቀት ብቻ አትጠይቁ። አቅራቢያችሁ የሚሰምጥ ቅርፊት ወይም የእሳተ ገሞራ ደሴት አለ ወይ? ካለ ተጠንቀቁ።

አንድ ጉዳይ በጨረፍታ፦ ከህንድ ደቡብ ያለው ውቅያኖስ ላይ የባሕሩ ገጽ ከኤሊፕሶይዱ 106 ሜትር ዝቅ ይላል። ስንሰማው ያስደነግጣል። ግን ዝቅታው በሺህዎች ኪሎ ሜትር ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ተዳፋቱ ለስላሳ ነው፤ በአማካይ ከ10 ሰከንድ ገደማ ብዙም አይርቅም። ለቱንቢ ወሳኙ የጉድጓዱ ጥልቀት ሳይሆን የአፋፉ ቁልቁለት ነው።

የብስ ላይ ምን አማራጭ አለ?

ነፃውና ቀላሉ የዓለም የስበት ሞዴል ነው። ታዋቂው ኢጂኤም2008 ይባላል። አሜሪካኖች በ2008 አወጡት፤ ከሳተላይት፣ ከመሬትና ከባሕር ልኬት ተቀምሞ ነው የተሠራው። ጀርመን ፖትስዳም ያለው የምድር ሳይንስ ማዕከል ድረ ገጽ ላይ የቦታችሁን ኬክሮስና ኬንትሮስ አስገብታችሁ ዝንባሌውን በነፃ ታወጣላችሁ። ጉድለቱ ዝርዝር ማየት አለመቻሉ ነው። ከ9 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነገር አይታየውም። ሺሃሊየንን የሚያህል ተራራ ለእሱ የለም ማለት ይቻላል። ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሸለቆና ገደል ባለበት ጥቂት ሰከንዶች ይስታል፤ የመሬት ልኬት በብዛት ባልተሰበሰበበት አገር ደግሞ ይብሳል።

እዚህ ላይ ለቀያሾች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ የጂፒኤስ መሣሪያዎች ሞዴል አብሯቸው ተጭኖ ይመጣል። አንዳንዶቹ ላይ ያለው ግን የ1996ቱ ነው፣ ኢጂኤም96። የእሱ ዓይን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ያነሰውን አያይም። «መሣሪያው ራሱ ያስተካክለዋል» ብሎ የሚያጽናናችሁ ባልደረባ ካለ ማን እንደሚያስተካክል ሜኑውን ከፍታችሁ እዩ።

ሁለተኛው አማራጭ ያንኑ ሞዴል በመልክዓ ምድር ማሻሻል ነው። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ሞዴሉ ያላያቸውን ኮረብታዎች በ2000 ዓ.ም. የጠፈር መንኮራኩር ከሰበሰበው የከፍታ መረጃ ወስዶ ስበታቸውን ማስላትና መደመር። አውስትራሊያ ያለው ከርቲን ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ በ2013 ጂጂኤምፕላስ የሚባል ሞዴል አውጥቷል። 220 ሜትር ገደማ ድረስ ያያል። አውሮፓ ተራሮች ላይ ይህ ዘዴ ስህተቱን ከበርካታ ሰከንድ ወደ አንድ ሰከንድ አካባቢ ሊያወርደው ችሏል። ድክመቱ ሁሉንም ዐለት አንድ እፍጋት ሰጥቶ ማስላቱ ነው፤ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.67 ግራም። ደለል የሞላው ስምጥ ሸለቆ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ የተከመረበት ቦታ ይህን ቁጥር አይሰማውም። ቢሆንም ለቅድመ ጥናት እኔ ከዚህ አላልፍም። ዋጋው ጊዜያችሁ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የምወደው ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው ሁሉ እጃችሁ ላይ አለ። ሁለት ነጥብ ትይዛላችሁ። በመካከላቸው ያለውን የከፍታ ልዩነት አንድ ጊዜ በሌቭል፣ አንድ ጊዜ በጥሩ ጂፒኤስ ታወጣላችሁ። ሁለቱ ውጤቶች ሲቀናነሱ የሚቀረውን ለርቀቱ ታካፍላላችሁ። ይኸው የቱንቢው ዝንባሌ በዚያ መስመር። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብትሳሳቱ ስህተታችሁ 0.2 ሰከንድ ብቻ ነው። በ1 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ያው ሴንቲ ሜትር 2 ሰከንድ ይሆናል። እንግዲህ ለረጅም መስመር የተሠራ ዘዴ ነው፦ ለቦይ፣ ለውሃ መስመር፣ ለባቡር ሐዲድ። የሚሰጠውም በመስመሩ አቅጣጫ ያለውን ብቻ ነው፤ ወደ ጎን ያለውን ለማወቅ ሌላ መስመር ያስፈልጋል። ለዚያ ቦይ ግን ሌላ ምን ያስፈልገዋል? በየሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሩ በሌቭል የታሰረ ነጥብ አኑሮ ጂፒኤሱን በዚያ ማረም በቂ ነው።

አራተኛው የዘኒት ካሜራ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚያይ ዲጂታል ካሜራ፣ አረፋና ጂፒኤስ አብረው ተገጥመውበት። ከዋክብትን ፎቶ ያነሳል። የቱንቢው መስመር ሰማይ ላይ የት እንደሚያርፍ ከከዋክብቱ ያውቃል፣ የኤሊፕሶይዱ መስመር የት እንደሚያርፍ ከጂፒኤሱ ያውቃል። ልዩነቱ ዝንባሌው ነው፤ በሰሜን ደቡብም በምሥራቅ ምዕራብም። ጥራቱ 0.1 ሰከንድ ድረስ ይወርዳል። ማስክሊን ወራት በጭጋግና በዝናብ የታገለበትን ሥራ በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። ግን መሣሪያው ብርቅ ነው፣ በኪራይም አይገኝ። ጥርት ያለ ሰማይም ይጠይቃል። ክረምት ላይ ደጋ ውስጥ ይህን መሣሪያ ይዞ የሚወጣ ሰው ሰማዩን ሳይሆን ዳመናውን ሲያጠና ያድራል።

ታዲያ ለማን ነው? ስህተት ለማይችሉ ጥቂቶች። ጄኔቫ አጠገብ ሰርን (የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል) የ27 ኪሎ ሜትሩን የመሬት ውስጥ ቀለበት ሲሠራ ከአንድ ወገን የጁራ ተራሮች ስለነበሩ የቱንቢ ዝንባሌ ተለክቶ ገብቷል። ስዊዘርላንድ ውስጥ 57 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጎትሃርድ ዋሻም በአልፕስ ሥር ሲቆፈር ይህ እርማት በቅየሳው ውስጥ ነበር። ጥቅምት 2010 ላይ ሁለቱ ቆፋሪ ወገኖች ሲገናኙ ወደ ጎን 8 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ነበር የተሳሳቱት።

የስበት መለኪያ መሣሪያስ? ግራቪሜትር ጥሩ ነው፤ ግን የሚለካው የስበቱን ብርታት እንጂ አቅጣጫውን አይደለም። አቅጣጫ ለማውጣት ዙሪያውን በሰፊው ለክቶ ማስላት ያስፈልጋል። የአገር ሞዴል ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው የሚሆነው፤ ለአንድ ፕሮጀክት አይመከርም።

ባሕር ላይ

እዚህ ምርጫው ይጠብባል፣ ግን ነገሩ ይበልጥ ደስ ይላል። ባሕር ራሱ ግዙፍ ውሃ ልክ ነውና። የረጋ ውሃ ገጽ ከቱንቢ ጋር ሁልጊዜ በቀጤ ነክ ይቆማል። ቱንቢ ሲያዘነብል ገጹም ያዘነብላል። 2,000 ሜትር ከፍታ ያለው የባሕር ውስጥ ተራራ ከበላዩ ያለውን ውሃ ወደ 2 ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ በሃያ ኪሎ ሜትር ላይ የተዘረጋ ጉብታ። መርከብ ሲያልፍበት አይሰማውም። ሽቅብ የሚባለው ስበትን ተቃውሞ መውጣት ነው፤ እዚያ ጉብታ ላይ ግን ስበቱ ራሱ አብሮ ዘንብሏል።

ሳተላይት ግን ያየዋል። ከላይ በራዳር የባሕሩን ገጽ ይለካል፣ ከገጹ ተዳፋት የቱንቢውን ዝንባሌ ያወጣል፣ ከዝንባሌው የወለሉን መልክ ይገምታል። በ1985 ከተላከው ጂኦሳት ጀምሮ፣ በ2010 ክራዮሳት 2፣ በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ስዎት እየተባለ መጥቷል። የቀድሞዎቹ ሳተላይቶች በምድር ወገብ አካባቢ በአብዛኛው በሰሜን ደቡብ አቅጣጫ ስለሚጓዙ የምሥራቅ ምዕራቡን ዝንባሌ በደንብ አይዙም ነበር። ስዎት ሰፊ መንገድ በአንዴ ስለሚጠርግ ይህን አሻሽሎታል። ዳርቻ አጠገብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ራዳሩ ከየብሱ ጋር ይጋጭና ይደናገራል።

ሌላው አማራጭ መርከብ ነው፦ ግራቪሜትርና ሶናር (በድምፅ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ) ጭኖ መሄድ። ዝርዝሩ ወደር የለውም። ግን መርከብ ቀርፋፋና ውድ ነው። ዓለምን በአንድ መርከብ እንለካ ብንል ከመቶ ዓመት በላይ ይወስዳል። ከባሕር ወለል በሶናር በወጉ የታየው ዛሬም ወደ ሩብ ያህሉ ነው።

ስለዚህ ለሰፊ ቦታና ለዝንባሌ ሳተላይቱን ያዙ፤ መረጃው ነፃ ነው። ወደብ አጠገብ ወይም የባሕር ውስጥ ገመድ ለመዘርጋት ግን መርከብ የግድ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ዋጋ ይከፍላል። በጥር 2005 ሳን ፍራንሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ ከጉዋም ደቡብ ምሥራቅ በያዘው የባሕር ካርታ ላይ ያልነበረ የባሕር ውስጥ ተራራ ጋር በሙሉ ፍጥነት ተጋጭቶ አንድ መርከበኛ ሞቷል። ሳተላይት «እዚህ አካባቢ ተራራ ያለ ይመስላል» ይላል። ጫፉ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ አይምልም።

የድሮ ካርታ ይዘው ለሚቸገሩ

ከጂፒኤስ በፊት የነበሩ ካርታዎች መነሻቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብ ላይ የተደረገ የከዋክብት ልኬት ነው። እዚያ ነጥብ ላይ ቱንቢው አዘንብሎ ከነበረ ካርታው ሁሉ አብሮ ተንሸራቷል። የኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎች የተመሠረቱበት አዲንዳን የሚባለው መነሻ ሱዳንና ግብፅ ድንበር አካባቢ ነው። የአዲንዳን ቁጥርና የጂፒኤስ ቁጥር ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። ልዩነቱ ሁሉ የቱንቢ አይደለም፤ የተጠቀሙበት ኤሊፕሶይድም ሌላ ነው። ስለዚህ ለዚህ ችግር ከላይ ካሉት ዘዴዎች አንዱንም አትምረጡ። ለአገሩ የተዘጋጀውን የመቀየሪያ ቁጥር ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገቡ፣ በሁለት የታወቁ ነጥቦች አረጋግጡ፣ አለቀ።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ ይህን በእግር ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ግሪኒች የሚገኘው ዝነኛው የዜሮ ኬንትሮስ መስመር ላይ ቁሙ። ቱሪስቱ አንድ እግሩን በምሥራቅ፣ አንዱን በምዕራብ አድርጎ ፎቶ የሚነሳበት። ስልካችሁን አውጡና ጂፒኤሱን እዩ። ዜሮ አይልም። ዜሮ የሚለው 102 ሜትር ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ ፓርኩ ውስጥ ነው። መስመሩን የሠሩት አልተሳሳቱም። ኤሪ ቴሌስኮፑን ቀጥ ያደረገው ሳህን ላይ በረጋ ሜርኩሪ ነበር፤ ሜርኩሪውም እዚያ ያለውን ስበት ተከትሎ ረጋ። ስበቱ እዚያ ቦታ ላይ 5.3 ሰከንድ በኬንትሮስ ያጋድላል።